ዓለምን ዳግመኛ በመርከብ ስለ መዞራችን

ከለንደን ተነሥተን ዓለምን አንድ ጊዜ በመርከብ ዞረን በተመለስን ጊዜ ወዳጆቻችን ሁሉ እንኳን በደኅና ገባችሁ ብለው በደስታ ተቀበሉን። ለሁለተኛ ጊዜ ለመሄድ ማሰባችንን በሰሙ ጊዜ ግን እነዚያው ወዳጆቻችን መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥሎም ከመካከላቸው ደፈር ያሉት «ደግሞ ምን ቀራችሁ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ዓለም ክብ ስለ ሆነች የዞራት ሰው ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ ሁለተኛ ቢዞራትም ወደዚያው ከመመለስ በቀር ሌላ መድረሻ የለውም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። እኛም በጡረታ ያረፍን፣ ልጅ ድረን የልጅ ልጅ ያየን ሰዎች ነን። ያን ጊዜ ለወዳጆቻችን በሚገባ ያልሰጠነውን መልስ ዛሬ በዚህ ገጽ ለተከበሩት አንባብያን ለማቅረብ አሰብን።

አስቀድመን ሁለት ነገር እናስታውቃለን። ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ የመርከብ ጉዳይ ሁሉ በዚያ ስለሚቈጠር ነው። ደግሞም «እኛ» ስንል ባልና ሚስት ሁለታችንን ማለታችን ነው። ይህንም ጽሑፍ የጻፍነው ባንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ ባል እየጻፈ ሚስት እያረመች ነው። ስለዚህ በባል ላይ የተጻፈ ነቀፋ ቢገኝ ባል ፈቅዶ የጻፈው መሆኑ ይታወቅ።

ዓለምን ለመጐብኘት ብቻ መዞር የቈየ ነገር ነው። ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1872 መንገደኞችን ሰብስቦ ተነሥቶ በ222 ቀን ዞሮ ተመልሷል፤ ዳሩ ግን ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡርም ወደ መርከብ እየተዛወረ ነበር። መንገደኛው ሣጥኑን ባንድ ክፍል አስቀምጦ፣ ክፍሉም ራሱ ከአገር ወደ አገር እንዲወስደው የተደረገው ላኮኒያ የተባለችው መርከብ በ1922 መጨረሻ ከኒው ዮርክ በተነሣች ጊዜ ነው፤ እርሷም 130 ቀን ያህል ፈጀች። ዛሬም የሚደረገው ይኸው ነው። በየዓመቱ በጥር ወር የሰሜኑ ብርድ ሲበረታ ትልልቅ መርከቦች ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወደቦች ይነሣሉ፤ ፀደይ ሲገባም ይመለሳሉ። ተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ከእነርሱ በቀር ለ100 ቀን ሥራ የሌለው ሰው ከየት ይገኛል!

እኛ መጀመሪያ የሄድነው በ2019 ነው። ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ወደ ምዕራብ ተነሥተን፣ አትላንቲክን ተሻግረን፣ በፓናማ ቦይ አልፈን፣ ሳን ፍራንሲስኮን፣ ሃዋይን፣ ሳሞአን፣ ኒው ዚላንድን፣ ሲድኒን፣ ማኒላን፣ ሆንግ ኮንግን፣ ሲንጋፖርንና ኮሎምቦን ጐብኝተን፣ በቀይ ባሕርና በስዌዝ ቦይ፣ በሜዲትራኒያንም በኩል ወደ ተነሣንበት ገባን። ይህ ባንድ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ አጭር ይመስላል፤ 104 ቀን ግን ነበር።

ያ ጉዞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የችኰላ ጉዞ ነበር። መርከቡ ወደብ በደረሰ ቍጥር ከሁሉ ቀድመን ወርደን ከሁሉ በኋላ እንሳፈር ነበር። ባንድ ቀን ሙዚየምና ገበያ፣ ቤተ መንግሥትና ተራራ አይተን፣ ማታ በእራት ጊዜ የቱ ከየትኛው አገር እንደ ነበረ እንከራከራለን። ያነሣነው ፎቶግራፍ ከ4,000 ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ ጨርሰን አላየነውም። ከኦክላንድ የገዛነው የእንጨት ቅርጽም በጋዜጣ እንደ ተጠቀለለ ዕቃ ቤት ተቀምጧል።

ስለ ቡናችን የደረሰብንንም እንናገር። ለመንገድ ብለን ጥሬ ቡና፣ ጀበናና አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘን ነበር። በመሳፈሪያው በር ላይ ዕቃ የሚፈትሹት ሰዎች ምድጃዋን አይተው ደረሰኝ ሰጥተው ወሰዷት። በባሕር ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ስለ ሆነ፣ በመኝታ ክፍል ውስጥ ሻማም፣ ካውያም፣ ምድጃም ክልክል ነው። ጀበናዋ ግን ስለማትነድ ተፈቀደችልን። 104 ቀን ሙሉ ሥራ ፈታ በጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠች። ክፍላችንን የሚያዘጋጀው ፊሊፒናዊ ወጣት የአበባ ማስቀመጫ መስላው አንድ ቀን በአፏ ቀይ አበባ ሰክቶባት አገኘን። እኛም እንዳናሳፍረው ተውናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሁለታችን ሚስት የሆነችው ተወልዳ ያደገችው በአሳብ ነው። አባቷ በወደቡ ላይ ከመርከብ የሚወርደውን ዕቃ የሚቈጥር ሠራተኛ ነበር፤ በ1987 ዐርፎ በዚያው ተቀበረ። ቤተ ሰቡ በ1991 ከተማውን ለቆ ወጣ፤ እርሷም ከዚያ ወዲህ አላየችውም። በዚያ አገር ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባብያን ስለሚያውቁት አንደግመውም። በ2019 ጉዞ መርከቡ የሚያልፍበትን መንገድ በካርታ ባየን ጊዜ፣ ከባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ገብቶ በአሳብ ፊት ለፊት ወደ ሰሜን እንደሚያልፍ አውቀን ነበር። መርከቡ እንደማይቆም፣ ዳርቻውም ሩቅ እንደ ሆነ፣ የምናልፈውም በሌሊት እንደ ሆነ ተነግሮናል። የሆነ ሆኖ ሁለታችን አብረን ነቅተን እንድናልፍ ተቃጠርን።

ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ በተቃረብን ጊዜ የመርከቡ አለቃ በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በዚያ ባሕር ከ2008 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የባሕር ወንበዴዎች በርትተው ነበርና፣ በ2019 ነገሩ ቢቀዘቅዝም ጥንቃቄው አልቀረም። ወንበዴ ቢመጣ ከመስኮት ርቀን በመተላለፊያው ወለል ላይ እንድንቀመጥ ልምምድ አደረግን። ማታ ማታ በውጭ ያለው መብራት ይጠፋል፤ ሰገነቱ ይዘጋል፤ መጋረጃም ይጋረዳል። ያን የሚያህል ሰፈር የሚያክል መርከብ ጨለማ ለብሶ ሲሄድ ማየት እንግዳ ነገር ነው።

በዚያች ሌሊት ሚስት በጨለማው ክፍል ነቅታ ቆየች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የባሏን ትከሻ ነካች። ባል «ነገ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ይህን መናገሩን እርሱ አያስታውስም፤ ነገር ግን አልተናገርሁም ብሎ አይከራከርም። እርሷም መጋረጃውን በጥቂቱ ገልጣ ብቻዋን ቆመች። ያየችው አንድ ብርሃን ነበር፤ የከተማ ይሁን የዓሣ አጥማጅ ጀልባ መለየት አልቻለችም። ሲነጋ ምንም አልተናገረችም። ባልም ቀጠሮውን ረስቶ ስለሚቀጥለው ወደብ ያወራ ጀመር።

ይህን ነገር ባል የሰማው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ዓለምን በመዞር ላይ የነበሩ መርከቦች በየወደቡ እየተከለከሉ፣ አንዳንዶቹም ሰው ሳያወርዱ ለብዙ ሳምንት በባሕር ላይ ቆይተው በሚያዝያ ወር ወደ ሜዲትራኒያን ወደቦች ገቡ። እኛም በቤታችን ተዘግተን ይህን በቴሌቪዥን እናይ ነበር። ሰዎቹ በሰገነት ላይ ተደርድረው የማይወርዱበትን ከተማ ሲመለከቱ አይታ ሚስት «እኔም አሳብን ያለፍሁት እንዲሁ ነበር» አለች። ባል «መቼ?» ብሎ ጠየቀ። የነገሩ ሁሉ መነሻ ያ «መቼ?» ነው።

እንግዲህ ለሁለተኛ ጊዜ የተነሣንበት ምክንያት ይህ ነው። ለወዳጆቻችን ግን ይህን መናገር አልቻልንም። አንድ ሰው በእንቅልፍ ስላለፈው አንድ ሌሊት ዓለምን ሁለተኛ ሊዞር ነው ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ «የባሕሩ አየር ተስማምቶናል» አልን። በ2022፣ መኪና ለመለወጥ ባስቀመጥነው ገንዘብ ላይ ሌላ ጨምረን፣ በ2024 ጥር ለሚነሣው ጉዞ ቦታ ያዝን። ክፍላችንንም በጥንቃቄ መረጥን። መርከብ በቀይ ባሕር ወደ ሰሜን ሲሄድ የአሳብ ዳርቻ በስተግራ ስለሚሆን፣ በግራ ጎን በረንዳ ያለውን ክፍል ተጨማሪ ከፍለን ወሰድን።

በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ምድጃ አልያዝንም። ቡናውን በቤታችን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በቆርቆሮ አሽገን ወሰድነው፤ የፈላ ውሃም ከምግብ ቤቱ በፔርሙዝ እናመጣ ነበር። በጀበና እንደ ተፈላው አይሆንም፤ ዳሩ ግን ቡና ቡና ይሸታል። ጀበናዋንም አልተውናትም፤ አዲሱ አሳላፊያችንም በሦስተኛው ቀን አበባ ሰካባት። የዐቢይ ጾምም ነገር ተሻሽሎ አገኘነው። በ2019 ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ በጠየቅን ጊዜ አሳላፊው ደጋግሞ ዓሣ ያቀርብልን ነበር፤ በ2024 ግን ከእንስሳት የተገኘ ነገር ፈጽሞ የሌለበት ምግብ በዝርዝሩ ላይ ለብቻው ተጽፎ አየን። ይህም የሆነው ስለ እኛ ጾም ሳይሆን፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው እንዲህ መብላት ስለ ወደዱ ነው።

ሁለተኛ የሚሄድ ሰው የሚያየው ነገር የመጀመሪያው ያላየውን ነው። ለዚህ ፓናማን እንጥቀስ። ብዙ ሰው የፓናማ ቦይ እንደ ስዌዝ ሜዳ ላይ የተቈፈረ ይመስለዋል። ስዌዝ በ1869 ተከፍቶ ከባሕር ወደ ባሕር አግድም የሚሄድ ነው፤ በ1914 የተከፈተው ፓናማ ግን መርከቡን በር በተገጠመላቸው ሦስት የውሃ ደረጃዎች ወደ ላይ ያወጣዋል። ከዚያም ከባሕር 26 ሜትር ከፍ ባለው በጋቱን ሐይቅ ላይ ካስኬደው በኋላ፣ በሌላ ሦስት ደረጃ ያወርደዋል። የሚያነሣውም ሞተር ሳይሆን ከሐይቁ በራሱ ክብደት የሚወርድ የዝናብ ውሃ ነው። አንድ መርከብ ለማሳለፍ 200 ሚሊዮን ሊትር ያህል ወደ ባሕር ይፈስሳል። በ2019 ይህን ስናይ የተደነቅነው በበሮቹ ትልቅነት ነበር። በ2024 ግን በ2023 በነበረው ድርቅ ሐይቁ ጐድሎ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በውሃ ውስጥ የነበሩ የዛፍ ጕቶዎች በዳርና በዳር ብቅ ብለው አየን። በደኅናው ጊዜ በቀን 36 ያህል መርከብ የሚያልፈው ወደ 24 ወርዶ ነበር። ሌሎቹ መርከቦች በውጭ መልሕቅ ጥለው ዝናብ ይጠብቃሉ። ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ አይተን እናውቃለን፤ ዝናብ የሚጠብቅ መርከብ ግን ያን ጊዜ አየን።

ከሃዋይ ወደ ሳሞአ ስንወርድ አንድ ጠዋት ከበራችን ሥር ደብዳቤ ገብቶ አገኘን። አስቀድመን ፈርተነው የነበረ ነገር ነው። በየመን ያሉት ሁቲዎች ከ2023 ኅዳር ጀምሮ በቀይ ባሕር በሚያልፉ መርከቦች ላይ ሚሳይልና ሰው አልባ አውሮፕላን መላክ ጀምረው ነበርና። ስንነሣ ግን መንገዱ አልተለወጠም ተብለን ነበር። ደብዳቤው አጭርና ትሑት ነበር። ስለ መንገደኞችና ስለ ሠራተኞች ደኅንነት መርከቡ በቀይ ባሕር እንደማያልፍ፣ ከኮሎምቦ በኋላ በሞሪሸስና በኬፕ ታውን አድርጎ አፍሪካን ዞሮ እንደሚመለስ ይናገራል። የሜዲትራኒያን ወደቦችም ቀርተዋል።

በዚያን ቀን በምግብ አዳራሹ የተነሣው ጫጫታ ይህ ነው አይባልም። አንዱ ፔትራን ሳላይ ልቀር ነው ይላል፤ ሌላው ገንዘቤን ይላል፤ አንዳንዱም ኬፕ ታውንን በማግኘቱ ደስ ብሎታል። እኛ የምንለው አልነበረንም። በሰላም ጊዜ የተያዘ ቀጠሮ በጦርነት ጊዜ ሲፈርስ ማንን ይከሱበታል? መርከቦቹ ሁሉ ባርቶሎሜው ዲያዝ በ1488 ወደ ዞረው ወደ ደቡቡ ራስ ተመልሰው ነበር። ከሲንጋፖር ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚሄድ የጭነት መርከብ ከ3,000 የባሕር ማይል በላይ መንገድ ይጨምርበታል፤ ይህም 10 ቀን ገደማ ነው። ስዌዝ ካሳጠረው ከ150 ዓመት በኋላ መንገዱ እንደ ገና ረዘመ።

ሚስት ደብዳቤውን አጥፋ በቡናው ቆርቆሮ ሥር አኖረችው። ባል ግን አላስቻለውም። ከሲንጋፖር ወርደን በአውሮፕላን እንመለስ ብሎ ሦስት ቀን ጨቀጨቀ። ምክንያቱም፣ አሁን እንደምናየው፣ ያን የተበላሸ ሌሊት ለማካካስ ያሰበበት መንገድ ሲዘጋበት፣ እርሱ በተቀመጠበት ዕዳው ሲያፈጥበት መኖሩን ስላልቻለ ነው። እርሷ «የአንተ ጉዞ አልቆ ይሆናል፤ የእኔ አላለቀም» ብላ እንቢ አለች። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም፤ ባልና ሚስትም በ20 ሜትር ካሬ ክፍል ውስጥ ሳይነጋገሩ መኖር የሚቻል መሆኑን ያን ሰሞን አረጋገጥን።

በዚያው ሰሞን የቀን መለወጫውን መስመር ተሻገርን። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን 24 ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል፤ በዚህ ያተረፈውንም በመስመሩ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ከፍሎ ያወራርዳል። ይህን መጀመሪያ የተረዱት ከማጄላን ጉዞ የተረፉት ጥቂት ሰዎች ናቸው። በ1522 ወደ ኬፕ ቬርዴ ደሴቶች በደረሱ ጊዜ አንቶኒዮ ፒጋፌታ ቀኑን ሳያጓድል ጽፎ ረቡዕ ነው ሲል፣ በምድር ያሉት ሰዎች ኀሙስ ነው አሉት። ሳሞአ ደግሞ በ2011 መስመሩን ራሷ ዘላ፣ ከታኅሣሥ 29 ኀሙስ ወደ ታኅሣሥ 31 ቅዳሜ አለፈች፤ በዚያ አገር የዚያ ሳምንት ዓርብ አልኖረም። ሚስት ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ የእጅ ሰዓቷን አልነካችም። ከለንደን ስንነሣ በአገር ቤት ሰዓት ሞልታው ነበርና እንዲሁ ይዛው ዞረች። ባል ምክንያቱን አልጠየቀም።

ማኒላ ስንደርስ አልወረድንም። በ2019 በዚያ ወደብ አንድ ምሽግና ሁለት ቤተ ክርስቲያን አይተናል። በዚህኛው ጊዜ ከላይ ከሰገነቱ ተቀምጠን የመርከቡ ሠራተኞች ቤተ ሰቦች ሲሳፈሩ ተመለከትን። ሠራተኞቹ ባንድ ውል ብዙ ወራት ከቤታቸው ርቀው ስለሚሠሩ፣ መርከቡ በዚያ ሲያልፍ ሚስትና ልጅ ለጥቂት ሰዓት ይገባላቸዋል። የክፍላችን አሳላፊ ልጁን ሊያቅፍ ሲያጐነብስ ልጅቱ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እርሱም አልሳባትም፤ በሁለት እግሩ ቍጢጥ ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ አኖረላትና ጠበቀ። ቀስ ብላ መጣች፤ መጀመሪያ ባርኔጣውን ነካች። ባልና ሚስት ሆነን ያን ቀን እንደ ገና መነጋገር ጀመርን፤ ስለ ሌላ ነገር ሳይሆን ስለዚያች ልጅ።

ከኮሎምቦ ከተነሣን በኋላ መርከቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረ። ይህን ጊዜ የመረጥነው የግራ ክፍል ምን ያህል እንደ ከዳን ታወቀን። በዚህ መንገድ በስተግራ ያለው የምሥራቁ ባሕር ነው፤ ከኬፕ ታውንም ወደ ሰሜን ሲመለሱ በስተግራ ያለው ባዶው አትላንቲክ ነው። ከአፍሪካ ጋራ ጀርባ ለጀርባ ተኝተን አፍሪካን ልንዞር ተጨማሪ ከፍለናል ማለት ነው። ይህን ባል በካርታ ላይ በጣቱ እያሳየ ሲናገር ሚስት ከደብዳቤው ቀን ወዲህ መጀመሪያ ሣቀች።

በፊተኛው ዕቅድ ቢሆን ከኮሎምቦ በተነሣን በአምስተኛው ሌሊት ባብ ኤል መንደብን እናልፍ ነበር። በአዲሱ ዕቅድ ያ ሌሊት ወደ ሞሪሸስ ልንገባ የምናድርበት ሌሊት ሆነ። ባል ለማንም ሳይናገር የጊዜውን ቀን ቈጥሮ፣ ራሱን በእጅ ስልኩ ደወል አስነሣ። ተነሥቶ ባየ ጊዜ ሚስት ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ወደ ቀኙ ሰገነት ወጣን። በዚህ ባሕር መብራት የሚያጠፋ አልነበረም፤ እኛም ከመብራቱ ሸሽተን ወደ ኋላ፣ የነፍስ ማዳኛ ጀልባዎች ወደ ተሰቀሉበት ጥግ ሄድን። በመርከቡ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር፤ በእርሷ ሰዓት 9። የሰሜን ኮከብ የምድርን ወገብ ካለፍን ወዲህ ከባሕሩ በታች ገብቷል። አሳብ ከቆምንበት በስተሰሜን ምዕራብ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። በዚያ በኩል ውሃ ብቻ ነው።

እርሷም ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች። በሙቀቱ ወራት በአሳብ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው አልነበረም፤ የጠፍር አልጋው ማታ ማታ ወደ ደጅ ይወጣል። አባቷ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ ባወረደው ዕቃ ይሸታል፤ የስንዴ ቀን ስንዴ፣ የሲሚንቶ ቀን ሲሚንቶ። በሌሊት ከሩቅ በባሕሩ ላይ የመርከብ መብራት ተደርድሮ ሲያልፍ ይታያል። ወደ ወደቡ የሚገባውን አባቷ ገና ከሩቅ ያውቀዋል፤ የማይገባውንም ያውቀዋል። አንድ ሌሊት፣ 8 ዓመት ይሆናት ነበር፣ «አባባ፣ በዚያ መርከብ ያሉት ሰዎች እኛን ያዩናል?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም «አያዩንም ልጄ፤ ይህን ጊዜ እነርሱ ተኝተዋል» አላት።

ይህን ስትናገር በቃሏ ነቀፋ አልነበረበትም። ባል ግን ሐዲዱን ይዞ ቆሞ የሚመልሰው ቃል አጣ። ትዳር ከያዝን 31 ዓመት ሆኖን ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የአማቱን ስምና የሞተበትን ዓመት ብቻ ያውቅ ነበር። ከብዙ ዝምታ በኋላ «መቃብሩ የት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ። እርሷም ነገረችው። መሬቱ ድንጋይና ጨው ስለ ሆነ ለመቈፈር ግማሽ ቀን መፍጀቱን፣ የወደቡ ሠራተኞች በየተራ እንደ ቈፈሩ፣ ከመርከብ የወረደ ጣውላ ለሣጥን ያመጣው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ በቀብሩ ማግሥት አንድ መርከብ መጥቶ ያው ሥራ መቀጠሉን ነገረችው። ባል ሌላም ጠየቀ፤ ሌላም መለሰች። አንድ ዘበኛ በእጅ መብራት እያበራ መጥቶ ደኅና መሆናችንን ጠይቆ ሄደ። የሞሪሸስ ተራሮች በስተፊት ጠቍረው ሲታዩ ጎሕ ቀዶ ነበር።

ስለ ቀሪው መንገድ ብዙ የምንለው የለንም። ፖርት ሉዊስ ሞቃት ነበር። በኬፕ ታውን ሁለት ቀን ቆይተን የገበታ ተራራን ደመና ሸፍኖት ሳናየው ተነሣን፤ ያዩት ሰዎች ግን ደግ ነው ይላሉ። በአትላንቲክ ላይ ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ቡና እየጠጣን፣ በመጀመሪያው ጉዞ ያላነበብናቸውን መጻሕፍት አነበብን። በሚያዝያ መጨረሻ ወደ ሳውዝሃምፕተን ገባን።

አሁን በቤታችን ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ አለ። የመጀመሪያውን ጉዞ በቀይ፣ ሁለተኛውን በሰማያዊ ቀለም አሥምረንበታል። ሁለቱ መሥመሮች ከኮሎምቦ ተለያይተው፣ አንዱ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን፣ ሌላው በደቡቡ ራስ ሄደው፣ በአውሮፓ ዳርቻ ይገናኛሉ። አፍሪካ ሙሉዋን በመካከል ቀርታለች። ሚስት በቀዩ መሥመር አጠገብ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አኑራለች። ባለፈው እሑድ የ6 ዓመት የልጅ ልጃችን ወንበር ላይ ወጥታ ካርታውን ስትመለከት ቆይታ፣ ጣቷን በነጥቧ ላይ አድርጋ «አያቴ፣ እዚህ ማን አለ?» ብላ ጠየቀች። ሚስትም የሚጽፈውን ባሏን ትታ፣ ወንበር ስባ ከአጠገቧ ተቀመጠችና ከጠፍር አልጋው ጀምራ ትነግራት ጀመር።